የእትዬ ቦሰና ማድቤትና የጋሽ ፍሬ ፀሐይ

ሰው ሲደክመው መታረቅም እንደ ውኃ መቅዳት ሥራ ሆኖ ይታየዋል። ፍሬምናጦስ በዚያ የጥቅምት ሰኞ ጠዋት ሁለቱም ሥራ ነበረበት፤ ከግቢው ቧንቧ ስድስት ጀሪካን ቀድቶ የዓሣ ገንዳውን ውኃ መቀየር፣ ከጎረቤቱ ከቦሰና ጋር ደግሞ መታረቅ። ጀሪካኑን መረጠ።

ሚስቱ ኮከቤ በሩ ላይ ቆማ አየችው። አላስገረማትም።

«ሐሙስ ነው የምትሄደው» አለችው። «የኮንዶሚኒየሙ ዕጣ ጀሞ ነው የደረሳት፤ አራተኛ ፎቅ። ዛሬ ሰኞ ነው። ሦስት ቀን አለህ።»

«ሰምቻለሁ።»

«መስማቱንማ አሥራ ሰባት ዓመት ሰማህ። እምቢ ያለው እግርህ ነው።»

«ደክሞኛል፣ ኮከቤ። ውኃውን ልጨርስና።»

እውነቱን ነው፤ ደክሞታል። ስድሳ አንድ ዓመቱ ነው። ሰፈሩ ሊፈርስ ነው ከተባለ ጀምሮ ስብሰባ፣ ፎርም፣ ፎቶ ኮፒ፣ ደግሞ ስብሰባ። ልደታ ማርያም ጀርባ ያለው ግቢያቸው አራት አባወራ አንድ ቧንቧ የሚጋራበት ነበር። ሁለቱ ቤቶች ፈርሰዋል፤ ሦስተኛው የቦሰና ሐሙስ ይነሣል፤ የእሱ ተራ ገና ነው። መጠበቅ ከመሄድ በላይ ያደክማል። ቢሆንም የፍሬምናጦስ ድካም የቦሰና ስም ሲነሣ የሚብስ ድካም ነበር፤ ይህን እሱም ያውቀዋል፣ ኮከቤም ታውቀዋለች።

ጠቡ የፀሐይ ጠብ ነው።

ፍሬምናጦስ ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ በአንድ ሆቴል የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር። ሆቴሉ የእንግዳ መቀበያውን ሲያድስ አሮጌውን የዓሣ ገንዳ አውጥቶ ጓሮ ጣለው፤ እሱ ለምኖ ወሰደው። የተሰነጠቀውን መስተዋት ተክለ ሃይማኖት ወስዶ አስቀየረ፣ በሲሊኮን አጣበቀ፣ በቤቱ የምሥራቅ መስኮት ሥር አቆመው። ጠጠር አነጠፈበት፣ ዓሦች ጨመረበት። ከዚያ በኋላ ግን ከዓሦቹ ይልቅ ልቡን የወሰደው ውኃው ውስጥ የሚበቅለው ተክል ሆነ። በተለይ አንዲት ቅጠሏ የቀላ ነበረች፤ ስሟን የሚነግረው ስላጣ «ቀይዋ» እያለ ይጠራታል። የጠዋት ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ቀይዋን ስትነካት፣ ፍሬምናጦስ ሥራ እስኪረፍድበት ድረስ ቆሞ ያያት ነበር።

ሁለት ዓመት እንዲህ ቆየ። በ1985 የቦሰና ባል ሞተ። ቦሰና ሦስት ልጆች ይዛ ቀረች፤ ሳምቡሳ እየሠራች ለሜክሲኮ ሻይ ቤቶች ማስረከብ ጀመረች፤ ለዚህ ደግሞ ማድቤት አስፈለጋት። በሁለት ቀን ውስጥ የቆርቆሮ ማድቤት አቆመች። ግድግዳው ከፍሬምናጦስ መስኮት የሚርቀው አንድ ክንድ ብቻ ነበር። ፀሐይዋ ጠፋች።

«ፀሐዬን ቀማሽኝ» አላት፣ ግቢው መሐል ቆሞ።

«ካርታዋን አሳየኝና ልመልስልህ» አለችው። ቦሰና አፏ አይያዝም። «ደግሞ አንተን ብሎ ፍሬምናጦስ። በከሣቴ ብርሃን ስም ተጠርተህ አንዲት ማድቤት ታጨልምብህ?»

ግቢው ሳቀ። ፍሬምናጦስ አልሳቀም። ሽማግሌዎች ሦስት ጊዜ ተቀመጡ፤ ሦስቱንም ጊዜ ቦሰና መጥታ «አጥፍቻለሁ፣ ይቅር ይበለኝ» አለች፤ ሦስቱንም ጊዜ እሱ «መጀመሪያ ማድቤቱን ታፍርስ» አለ። ልጆቿን የምታበላበትን ማድቤት እንዴት ታፍርስ? እርቁ ቀረ። ከዚያ ወዲህ በአንድ ቧንቧ ይቀዳሉ፣ በአንድ ዕድር ይቀበራሉ፣ ሰላምታ ግን የላቸውም። እናቱ የሞቱ ጊዜ ቦሰና ሦስት ቀን ሙሉ ጉድ ጉድ ስትል፣ ለቀስተኛ ስታስተናግድ ሰነበተች። ሐዘኑ ሲወጣ ማመስገን ነበረበት፤ አላመሰገነም። ማመስገን መሸነፍ መሰለው። ከዓመት ወደ ዓመት ነገሩ እየከበደ ሄደ እንጂ አልቀለለም፤ ያልተመለሰ ሰላምታ ሲከማች እንዲህ ነው።

ገንዳው ፀሐይ ሲያጣ ሞተ ማለት ይቻል ነበር። ቅጠሉ ገረጣ፣ ረገፈ፤ ከቀይዋ የተረፈው ጣት የምታህል ግንድ ነው። ፍሬምናጦስ ግን የመብራት ሰው ነው። ሁለት ረጃጅም ፍሎረሰንት ያለው ክዳን ሠራ። ቀን ስምንት ሰዓት ላይ ኮከቤ ታበራዋለች፣ ማታ አራት ሰዓት ላይ እሱ ያጠፋዋል። መብራቱን በገጠመ በወሩ ቦሰና የማድቤቷን ቆርቆሮ ልክ በመስኮቱ ትይዩ በመዳፍ ስፋት ቀደደችው። ጭሷን ወደ እኔ ልትለቅ ነው ብሎ ያንንም ከቂሙ ጋር ደመረው።

መብራት ብቻውን እንደማይበቃ ለመማር አንድ ዓመት ፈጀበት። «ተክል ብርሃን ሲያገኝ ይርበዋል» ይላል፣ ሰሚ ሲያገኝ። «ሲርበው ካላበላኸው የራሱን ቅጠል ይበላል። ብርሃን ሳትሰጠው ምግብ ብታበዛበት ደግሞ ትራፊውን ሌላ ይበላዋል።» ያ ሌላ አልጌ ነው፤ መስተዋቱን እንደ ልጋግ የሚያለብስ፣ አንዴ ከገባ የማይወጣ አረንጓዴ እንግዳ። ቅጠሉ እንዲቀላ ጠንከር ያለ ብርሃንና ብረት ይፈልጋል። ብረቱን ከየት ያምጣ? ለነፍሰ ጡር የሚታዘዘውን ክኒን ፈጭቶ፣ በቢላዋ ጫፍ እየለካ ከቀይዋ ሥር ይቀብረው ጀመር። ሜክሲኮ ያለው ባለ ፋርማሲ መሐሙድ «ጋሽ ፍሬ፣ ዛሬም አልወለዱም?» ይለዋል። ለተክሎቹ የሚሆነውን ጋዝ ደግሞ ከስኳርና ከእርሾ አገኘው፤ በሃይላንድ ጠርሙስ ጠምቆ በጉሉኮስ ቱቦ ወደ ውኃው ይሰደዋል። ኮከቤ «ለዓሣ ጠላ የሚጠምቅ ባል የሰጠኝ ምን በድዬው ይሆን» ትል ነበር።

ሙያው ግን ሙያ ነበር። መብራት በፈረቃ በሆነበት ጊዜ እንኳ ቀይዋ አልገረጣችም። ቤቱ ጨለማ በሚውልበት ቀን ምግቧን ይቀንሳል፤ መብራት ሲመጣ በልኩ ይመልሳል፤ ሰዓት አስረዝሞ ላካክስ አይልም። በአካባቢው ያሉ ክሊኒኮችና ካፌዎች ገንዳቸው ሲበላሽ የሚጠሩት እሱን ነው። ለሁሉም የሚሰጠው ምክር አንድ ነው፤ ገንዳችሁን ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ሥር አታስቀምጡ፣ ፀሐይ ለክታ አትሰጥም። ሰውን መምከር መቼም ቀላል ነው።

ማክሰኞ ወገቡን አመመው። ረቡዕ የአንድ ጥርስ ሐኪም ገንዳ ሲያጥብ ውሎ ደክሞት ተመለሰ። ሐሙስ ጠዋት አይሱዙው ግቢው በር ላይ ቆመ።

ኮከቤ ነጠላዋን አገልድማ ዕቃ ልታግዝ ወጣች። እሱ ገንዳው አጠገብ ቆሞ የጸዳውን መስተዋት በስፖንጅ ያሽ ጀመር። አልጋው ሲወጣ ይሰማዋል። ቁም ሣጥኑ የበሩን መቃን ሲገጭ፣ የቦሰና ልጅ ዱጉማ «ቀስ፣ ቀስ በሉ» ሲል ይሰማዋል። ቀጥሎ የሴቶቹ ለቅሶ። ከዚያ የአንድ ሰው እግር እየተጎተተ ወደ በሩ ቀረበ።

«እሱስ?» አለች ቦሰና።

«ተኝቷል» አለች ኮከቤ። «ትናንት ሲደክም ውሎ።»

ፍሬምናጦስ እጁን ከመስተዋቱ ላይ አላነሣም። ከእሱ የሚጠበቀው የበሩን መጋረጃ ገለጥ አድርጎ «አለሁ» ማለት ብቻ ነበር። አሁን እወጣለሁ፣ እጄን ላድርቅና እወጣለሁ ብሎ አሰበ።

«አትቀስቅሺው» አለች ቦሰና። «ይረፍ። ሁላችንም ደክሞናል።»

አይሱዙው ሲነሣ እጁ ገና እርጥብ ነበር። ኮከቤ ዐይኗ አብጦ ገባች። ምሳውን አቅርባለት ወደ ውስጥ ገብታ ተኛች። ፍሬምናጦስ አፈረ። እፍረቱን ግን ለማንም አልተናገረም።

ዓርብ ሠራተኞች መጥተው ማድቤቱን አፈረሱት። ግማሽ ሰዓት አልፈጀባቸውም። ያን ያህል ዘመን የተጣላለት ነገር አንድ ጋሪ የማይሞላ ቆርቆሮ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ፀሐይዋ ያለ ከልካይ ገባች። ውኃው እስከ ጠጠሩ ድረስ በራ። ሦስት ሰዓት ሲሆን ከየቅጠሉ ጫፍ ጥቃቅን አረፋ ወደ ላይ ይፈናጠር ጀመር። ፍሬምናጦስ ወንበር አምጥቶ ተቀመጠ፤ ፍሎረሰንቱም ከዚያ ቀን ጀምሮ አልበራም። በሳምንቱ ቀይዋ እንደ በሰለ በርበሬ ቀላች፤ በሃያ ዓመት ውስጥ እንዲህ ሆና አይቷት አያውቅም።

«አየሽ?» አላት ኮከቤን ጠርቶ። «ይህ ነው የተወሰደብኝ።»

ኮከቤ አየች። «ያምራል» አለችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ሌላ የሚያሳየው ሰው ፈለገ። ግቢው ውስጥ ሰው አልነበረም። ቀድሞ ልጆች ሲንጫጩ፣ ቧንቧው ሥር ሴቶች ሲጨቃጨቁ፣ የቦሰና ዘይት ሲንጣጣ ደስታውን እንኳ ደብቆ ብቻውን ይደሰት ነበር። አሁን በግልጽ ሊደሰት ቢል የሚያየው ጠፋ። በሰዎቹ መሄድ የመጣ ውበት መሆኑን ሲያስበው ደስታው ግማሽ ሆነበት። ቢሆንም ግማሹን ይዞ ተቀመጠ።

ማድረግ ያለበትን ያውቃል። ፀሐይዋ በየቀኑ ለአምስት ሰዓት ያህል ገንዳው ላይ ታርፋለች፤ ሁለት ፍሎረሰንት ከዚህ ጋር አይወዳደርም። ወይ መጋረድ ነበረበት፣ ወይ ምግቡን ከብርሃኑ ጋር በጥንቃቄ ማሳደግ። የሌላ ሰው ገንዳ ቢሆንና ቢጠሩት ገና ከበሩ ሳይገባ «አንድ ነገር ጋርዱበት» ይል ነበር። የራሱ ሲሆን ዝም አለ። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የሚባለው ለማያይ በሬ ነው፤ ፍሬምናጦስ ገደሉን እያየ ነው የገባበት።

በሁለተኛው ሳምንት የቀይዋ የላይኛው ቅጠል ነጣ አለ፤ የታችኛው ተበሳሳ። ረሃብ ነው ብሎ ብረቱን እጥፍ አደረገው፤ ሌላውንም ማዳበሪያ ሳይለካ ጨመረ። ለመለካት ታከተው። የተራበው ተክል ሳይደርስበት አልጌው ቀድሞ በላው። መስተዋቱ አረንጓዴ ለበሰ፤ ከየቅጠሉ ጠርዝ ፀጉር የመሰለ ነገር ተንጠለጠለ፤ ዓሦቹ ጠዋት ጠዋት አፋቸውን ከውኃው በላይ አውጥተው አየር ይፈልጉ ጀመር።

አንድ ጠዋት ሲነሣ ኮከቤ መስኮቱ ላይ አሮጌ አንሶላ ሰቅላ አገኛት። አወረደው።

«ይቺን ፀሐይ አሥራ ሰባት ዓመት ጠብቄያታለሁ» አለ። «ዛሬ በገዛ እጄ ልጋርዳት?»

«ጋርዳት።»

«አልጋርዳትም።»

«እንግዲያውስ ጠቡ የማድቤቱ አልነበረም» አለች ኮከቤ። አልተቆጣችም፤ ለቁጣ የሚሆን አቅም አልነበራትም። አንሶላውን ተቀብላ አጣጠፈችው።

በሦስተኛው ሳምንት ከአሥራ አንዱ ዓሦች ስምንቱ ሞቱ። ቀይዋ ቅጠል አልባ ግንድ ሆነች። ሲበዛ ማርም ይመራል። ፍሬምናጦስ የሞቱትን ዓሦች በወንፊት አውጥቶ የቦሰና ማድቤት በነበረበት አፈር ውስጥ ቀበራቸው። ሌላ ባዶ መሬት አልነበረውም።

በዚያው ቅዳሜ ዱጉማ መጣ። ሠላሳውን ያለፈ የታክሲ ሹፌር ነው፤ እናቱ ኮከቤ ዘንድ ትታው የሄደችውን ትልቅ ብረት ድስት ሊወስድ ነበር የመጣው። ኮከቤ ድስቱን እስክታወጣለት ድረስ ቆሞ ገንዳውን አየ።

«ጋሽ ፍሬ፣ ዓሦቹ ምን ሆኑ?»

«ፀሐይ በዛባቸው።»

«መብራቱስ? አሁን አያበሩትም?»

«ፀሐይ ካለ መብራት ምን ይሠራል።»

ዱጉማ ፈገግ አለ። «እማዬ ማታ ማታ ትጠይቃለች። ‹ከሣቴ ብርሃን አብርቶ ይሆን?› ትላለች።»

ፍሬምናጦስ የቆየው ቀልድ እስከ ጀሞ ድረስ የተከተለው መሰለው። «እኔ ባበራ ባላበራ ምን አገባት?» አለ።

«አያውቁም እንዴ?» ዱጉማ ከልቡ ተገረመ። «ማድቤታችን እኮ መብራት አልነበረውም። ቆጣሪው የሌላ ሰው ስለነበር ገመድ መሳብ ተከለከልን። እርስዎ ያንን መብራት ሲገጥሙ ጊዜ እማዬ ቆርቆሮውን በመስኮትዎ ትይዩ ቀደደችው። ብርሃኑ ይገባ ነበር። እሷ በእሱ ሳምቡሳዋን ትጠቀልላለች፤ እኛ ሦስታችን ደብተራችንን ጉልበታችን ላይ አድርገን እናጠናለን። አራት ሰዓት ላይ ሲያጠፉት ‹ጋሽ ፍሬ አጠፋ፣ ተነሡ ተኙ› ትለን ነበር።»

ፍሬምናጦስ እጁን ገንዳው ላይ አሳረፈ። «ለምን አልነገረችኝም?»

«ብትነግርዎት ያጠፉብን ነበራ» አለ ዱጉማ።

በክፋት አልነበረም ያለው። ዝናብ ሊመጣ ነው እንደሚል ሰው ነበር ያለው፤ ፍሬምናጦስን የጎዳውም ይኸው ነው። ሊቆጣ ፈለገ፣ ግን በምን ይቆጣል? በዚያን ጊዜ ቢያውቅ ያጠፋው ነበር። ቢያንስ ሰዓቱን ይለውጠው ነበር። ይህን ስለ ራሱ አወቀ፤ ማወቁም አመመው።

ዱጉማ ድስቱን ይዞ ሲሄድ ፍሬምናጦስ ኮከቤን አንሶላውን ጠየቃት። ራሱ ሰቀለው። ቤቱ ደብዘዝ አለ። እሱ ግን ከገንዳው ፊት ሳይነሣ፣ ስንት ማታ ነበር እያለ ሲያሰላ ቆየ። ቅርብ ያለ ጠበል ልጥ ይነከርበታል ይባላል። እሱ ደግሞ አጠገቡ ያለውን ሰው ሳያይ ሃያ ዓመት ሊሞላው ምን ቀረው?

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አንድ ኪሎ ሙዝ ገዝቶ ከሜክሲኮ ሳር ቤት፣ ከሳር ቤት ጀሞ ሁለት ታክሲ ያዘ። ምን እንደሚላት በመንገድ ሁሉ ሲያዘጋጅ ሄደ። ሕንጻዎቹ አንድ ዓይነት ስለሆኑ ሁለት ጊዜ ተሳስቶ የሰው በር አንኳኳ። ሦስተኛው ላይ የደረጃውን ብረት ይዞ ወጣ፤ አራት ጊዜ ቆሞ ዐረፈ። አራተኛው ፎቅ ሲደርስ ከንግግሩ አንድም ቃል አልተረፈውም።

በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ቦሰና መስኮቱ ሥር ፍራሽ ላይ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣለች። ከስታለች። ፀጉሯ እንዲህ መንጣቱን ሳያይ ኖሯል፤ ያን ሁሉ ጊዜ ፊቷን ትክ ብሎ አላያትም።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ። ፍሬ።»

«ግባ፣ ደፉ ላይ አትቁም» አለችው። ሊናገር አፉን ከፈተ፤ ትንፋሹ አቋረጠው። «ተቀመጥ መጀመሪያ። ትንፋሽህን ሰብስብ፤ ይቅርታው የትም አይሄድም።»

ተቀመጠ። «እግርሽን ምን ሆንሽ?»

«ዳሌዬ ነው። ከመጣሁ ጀምሮ አልወረድኩም። ውኃ አንዳንዴ ይመጣል፣ አንዳንዴ ልጆቹ በጀሪካን ያወጡልኛል። ብርሃን ግን ሞልቷል፣ ይኸው።» መስኮቱን በአገጯ አሳየችው። «ዓሦችህስ?»

«አለቁ። ሦስት ቀሩ።»

«ምን ነካቸው?»

በሽታ ገባባቸው ማለት ይችል ነበር። «ማድቤትሽ ሲነሣ ፀሐይ ገባ። በዛባቸው። መጋረድ ነበረብኝ፤ እምቢ ብዬ ተውኩት።»

የቦሰና ትከሻ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ የምታለቅስ መስሎት ደነገጠ። እየሳቀች ነበር። «እኔ ነኛ ስጋርድላቸው የኖርኩት።»

«አንቺ ነሽ።»

እሱም ሳቀ። ሲስቅ ሆዱን አመመው፤ ዐይኑም ውኃ ሞላ።

«ቦሰና፣ ያን ዕለት ተኝቼ አልነበረም።»

«አውቃለሁ። ስፖንጁ ይሰማኝ ነበር።»

«ይቅር በይኝ። ስለ እናቴ ለቅሶም አላመሰገንኩሽም። ስለ ሁሉም።»

«ይቅር ለእግዚአብሔር» አለች። «አንተም ይቅር በለኝ፤ ባል ሞቶብኝ ብስጩ ሆኜ ሰው ፊት ቀለድኩብህ።»

ጎንበስ ብሎ ጉልበቷን ሊነካ ሲል ክንዱን ይዛ አስቀረችው፤ ተሳሳሙ። ሽማግሌ የለ፣ ምስክር የለ። ሦስት ጊዜ ሰው ተሰብስቦ ያልሆነው ነገር ሻይ የሚፈላበትን ጊዜ እንኳ አልፈጀም።

ከዚያ ወሬ መጣ። ቀድሞ ከግቢው የተነሣው ዘነበ የት ደረሰው፣ የዕድሩ ዳኛ ማን ሆነ፣ የሞተው ማን ነው፣ ያገባው ማን ነው። አንዱን ሳይጨርሱ ሌላው ይነሣል። በአንድ ግቢ ኖረው፣ አንዱ የሌላውን ወሬ ከሦስተኛ ሰው ሲሰማ የኖሩ ሰዎች ስለሆኑ፣ የሚያርሙት ብዙ ነበር። ሙዙን በሉት። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ፍሬምናጦስ ጉልበቱን ይዞ ተነሣ፤ ታክሲ ሳይጠፋ መሄድ ነበረበት።

«መቼ ትመጣለህ?»

«እሑድ።»

ቦሰና ጉልበቱን አየች። «ዛሬ ስትወጣ ስንቴ ቆምክ?»

«አራቴ።»

«እሑድ እመጣለሁ ብለህ አትዋሸኝ፣ ፍሬ። ሁለት ታክሲና አራት ፎቅ ነው። አንተንም ነገ ወዴት እንደሚያወጡህ አይታወቅም። እኔም አልወርድም። እንግዲህ ይህ እርቅ የሚጠቅመን ለለቅሶ ነው፤ አንዳችን ስንሞት ሌላው ይመጣል።» አላዘነችም፣ አልቀለደችምም። «ቢሆንም መጣህ። ጎሽ።»

ራሱን ነቅንቆ ወጣ።

መውረድ ይቀላል ብሎ ነበር፤ አልቀለለውም። ሦስተኛውን ፎቅ አልፎ ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ጉልበቱ እምቢ አለው። ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ያ አንድ ክንድ ታየው፤ ከመስኮቱ እስከ ቆርቆሮው የነበረው። እጁን ቢዘረጋ ይነካት ነበር። በዚያን ጊዜ ደህና ጉልበት ነበረው፣ እሷም ትሄድ ነበር፣ በቀን አሥር ጊዜ ይተላለፉ ነበር። የጠላትነቱ ዘመን በጤና አለፈ፤ ለወዳጅነቱ የቀረው ይህ ደረጃ ነው። ፍሬምናጦስ ፊቱን በመዳፉ ሸፍኖ አለቀሰ። ለዓሦቹ አላለቀሰም፣ ለቤቱ አላለቀሰም፤ ለዚህ አለቀሰ።

አንዲት ሴት ጀሪካን ተሸክማ ከታች መጣች። አጠገቡ ስትደርስ ሸክሟን አውርዳ ዐረፈች።

«አባቴ፣ ደከመዎት? ስንተኛ ፎቅ ነው የሚሄዱት?»

ቀና ብሎ አያት። ታክሲውም፣ መምሸቱም፣ ኮከቤም በሐሳቡ አለፉ።

«አራተኛ» አላት።

«አይዞዎት፣ ሁለት ነው የቀረዎት።»

የደረጃውን ብረት ይዞ ተነሣና ወደ ላይ ይወጣ ጀመር። በየአራት ደረጃው እያረፈ ወጣ፤ ሴትየዋ ጀሪካኗን ይዛ ቀደመችው። ሲደርስ ቦሰና በሩን ገና አላስዘጋችም ነበር።